የመስመሩ ጠርዝ

ቤት ውስጥ በስክሪን ፕሪንት የተሠራ የሰርኪዩት ቦርድ እጄ ሲገባ መጀመሪያ የማየው የመዳቡን መስመሮች ጠርዝ ነው፤ ያውም በአጉሊ መነጽር። ቦርዱ መሥራት አለመሥራቱን የሚፈትሽ አይጠፋም። የሠሪውን እጅ የሚያሳብቀው ግን ጠርዙ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከጨርቁ ነው። ስክሪን ማለት ፍሬም ላይ የተወጠረ ስስ ጨርቅ ነው፤ ድሮ ሐር ነበር፣ አሁን ፖሊስተር ሆኗል። ቲሸርት አታሚዎች የሚመርጡት በሴንቲሜትር 43 ክር ገደማ ያለውን ነው። በዚህ ቦርድ ላትም ያለ ሰው የግማሽ ሚሊሜትር መስመሩ ሁለት ቀዳዳ ላይ ብቻ ያርፍበታል፤ ጠርዙ ጥርስ ያወጣል። 120 ክር ያለውን የመረጠ ለዚያው መስመር ስድስት ቀዳዳ ያገኛል። ጠንቃቃው በዚህም አይረካም፤ ጨርቁን ሃያ ዲግሪ ያህል አዘንብሎ ይወጥረዋል። ክሩና መስመሩ ጎን ለጎን ከሄዱ አንዱ ጠርዝ ክር ላይ፣ ሌላው ቀዳዳ ላይ ይወድቅና የመስመሩ ውፍረት ከቦታ ቦታ ይለያያል።

ከዚያ ኢመልሽን ይቀባል፤ በጨለማ ደርቆ፣ መስመሮቹ በጥቁር የተሳሉበት ፊልም ተደርቦበት፣ አልትራቫዮሌት ብርሃን ያርፍበታል። ብርሃን ያገኘው ይጠነክራል፣ በጥቁሩ መስመር የተጋረደው በውኃ ታጥቦ ይሄዳል። እዚህ ብዙ ሰው የሚንቃት ነገር አለች፦ የፊልሙ ቀለም ያለበት ፊት ከኢመልሽኑ ጋር መነካካት አለበት። ከተገለበጠ ብርሃኑ በፊልሙ ውፍረት በኩል ሾልኮ መስመሩን ያቀጥነዋል።

ሕትመቱ ራሱ አጭር ነው። ስክሪኑ ከመዳቡ ሁለት ሦስት ሚሊሜትር ከፍ ብሎ ይቀመጣል። የጎማ መጥረጊያው ቀለሙን እየገፋና እየተጫነ ሲያልፍ ጨርቁ መዳቡን ነክቶ ከኋላው ወዲያው ይነሳል። እንጀራ ጋጋሪ ሊጡን ስታዞር እጇ እንደማይቆም ሁሉ እዚህም መሃል ላይ መቆም የለም፤ የቆመበት ቦታ ቀለሙ ይሰፋል። ከተበላሸ ደግሞ በላዩ ላይ መደገም የለበትም። በቲነር ጠርጎ እንደገና መጀመር ይሻላል።

ቀለሙ ሲደርቅ ሰሌዳው ሞቅ ያለ ፌሪክ ክሎራይድ ውስጥ ይገባል። የተለመደው መዳብ 35 ማይክሮን ብቻ ነው፤ ቀለም ያልሸፈነው ቶሎ ይበላል። ፈሳሹ ግን ወደ ታች ብቻ አይበላም፣ ቀለሙ ሥር ገብቶ ወደ ጎንም ይበላል። ስለዚህ ዐዋቂው ገና ሲነድፍ መስመሩን ትንሽ ያወፍረዋል፣ ሰሌዳውንም ባዶው መዳብ እንዳለቀ ያወጣዋል። ፈተናው የአይሲ እግሮች ጋ ሲደርስ ነው። ከእግር እግር 2.54 ሚሊሜትር ነው። ለብየዳ የሚቀሩት ክቦች 1.5 ሚሊሜትር ቢወስዱ አንድ ሚሊሜትር ያህል ይተርፋል። በዚያች ክፍተት አንድ መስመር ማንንም ሳይነካ ካለፈ፣ እኔ ባርኔጣዬን አነሳለሁ።

የዚህ ሥራ ዘር ከሕትመት ቤት ነው ማለት ይቻላል። በቪየና የተወለደው መሐንዲስ ፖል አይዝለር እ.ኤ.አ. በ1936 ለንደን ውስጥ የታተመ ሰርኪዩት ያለው ራዲዮ ሠርቷል። ዛሬ የቻይና ፋብሪካዎች በርካሽ ሠርተው ይልካሉ። ለአንዲት ቦርድ ብሎ ስክሪን መወጠርም ድካም ነው፤ አንድ ዓይነት ሃያ ለሚፈልግ ግን ስክሪኑ አንዴ ከተዘጋጀ የቀረው መጥረጊያውን መሳብ ነው።

የምወዳት የመጨረሻ ብልሃት በክቦቹ መሃል ትገኛለች። ጎበዝ ሠሪ እዚያ ግማሽ ሚሊሜትር የምትሆን ባዶ ነጥብ ይተዋል። መዳቡ ተበልቶ ጉድጓድ ይሆናል፣ የ0.8 ሚሊሜትር የትራፓኖ ፑንታ ሳይንሸራተት እዚያው ይገባል። ነጥቧ ስክሪኑ ላይ ብቻዋን የቀረች የኢመልሽን ጠብታ ናት። በሻካራው ጨርቅ ላይ ሁለት ክር ብቻ ይዟት ስትታጠብ ትረግፋለች፤ በ120ው ላይ ስድስት ክር ይይዛታል። ነጥቦቹ ሁሉ የተሟሉበት ቦርድ ካየሁ ስለ ጨርቁ መጠየቅ አያስፈልገኝም።