የአንበሳው ድርሻ፤ በቱላ ስላየነው የተማሪዎች ቴያትር የቀረበ ሂስ

ስለ ትምህርት ቤት ቴያትር ሂስ መጻፍ የተለመደ አይደለም። ሐያሲ የሚነሣው የታተመ ድርሰት ወይም ትኬት የሚቈረጥበት አዳራሽ ሲያገኝ ነው። ነገር ግን የአገራችን ቴያትር በጨቅላነቱ ያደገው በተማሪዎች እጅ ስለሆነ፥ በሐዋሳ ከተማ በሐዌላ ቱላ ክፍለ ከተማ አንድ ቅዳሜ ያየነውን ጨዋታ እንመረምራለን። በማግሥቱ እሑድ የበላነውንም ምሳ እንጨምራለን፤ ሁለተኛው ቀን በመጀመሪያው ላይ ፈርዶበታልና።

ታሪኩ በብዙ አገር የሚነገር ተረት ነው። አንበሳ፥ ጅብና ቀበሮ አብረው አድነው አንዲት ሚዳቋ ይገድላሉ። አካፍል የተባለው ጅብ ሥጋውን ለሦስት እኩል ይከፍላል፤ ስለዚህም በጥፊ ይመታል። ቀጥሎ የታዘዘው ቀበሮ ሁሉንም ለአንበሳው ይሰጣል። ይህን ፍርድ ከማን ተማርህ ቢባል፥ ያበጠውን የጅብ ጉንጭ ያሳያል።

መጋረጃ አልነበረም። የአንበሳው ጋማ ከእንሰት ቃጫ የተሠራ ነው፤ በመካከል ሦስት ጉልቻና አንድ ባዶ ድስት ተቀምጧል። ጅቡና ቀበሮው በሲዳምኛ ሲነጋገሩ፥ አንበሳው ብቻ አማርኛ ይናገራል። ይህ ምናልባት ለእኛ ለእንግዶች እንዲገባን ታስቦ የተደረገ ይሆናል፤ ተመልካቹ ግን ከሁሉ ይልቅ የሣቀው በዚህ ነው። የቀበሮው ተጫዋች ደግሞ ሊመሰገን ይገባዋል። ሥጋውን ሲያቀርብ ወገቡን ሰብሮ፥ ዐይኑን ግን ከአንበሳው ሳይነቅል፥ ጥቂት ዝም ይላል። በዚያች ዝምታ ፍርሃትም ብልኀትም ታይቷል።

ጕድለቱ በመጨረሻው ላይ ነው። ተራኪው ወጥቶ፥ አንበሳው የጥንት ገዢ መሆኑን፥ ያ ዘመን ማለፉንና ዛሬ ሁሉም እኩል መካፈሉን አስረዳ። ሣቁ ቆመ፤ ሕዝቡም በጨዋነት አጨበጨበ። ተረት ኀይሉ ባለቤቱን ሳይጠራ መናገሩ ነው። ባለቤቱ ተጠርቶ፥ እሱም የሞተ ሰው ከሆነ፥ በአዳራሹ የተቀመጠ ሁሉ ነጻ ወጣ ማለት ነው።

ይህን በታሪካችን ማመዛዘን ይቻላል። የመጀመሪያው የአማርኛ ቴያትር፥ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ1913 ዓ.ም. ገደማ የደረሱት «ፋቡላ፤ የአውሬዎች ኮሜዲያ» ነው። እሳቸውም በሩሲያ ተምረው በአውሮፓ ቴያትር ያዩ ሰው ስለነበሩ፥ የአውሬ ተረት ለአዋቂ እንደሚሆን ያውቁ ነበር። ጨዋታው የዘመኑን አስተዳደር ነቀፈ፤ ከተመልካቾቹ መካከል ራሳቸውን በአውሬዎቹ ውስጥ ያዩ መኳንንት ነበሩ፤ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመንም ቴያትር ታገደ። መድረኩ እንደገና የተነሣው ከ1923 ዓ.ም. የዘውድ በዓል ወዲህ ሲሆን፥ እነ ዮፍታሔ ንጉሤና መላኩ በጎሰው ተማሪዎችን እያሠለጠኑ አቆሙት። እንግዲህ «ፋቡላ» የታገደው አንበሳው ቅርብ ስለነበረ ነው። የቱላው ጨዋታ ማንንም ያላስቈጣው ደግሞ አንበሳው ሩቅ ስለተወሰደ ነው እንላለን።

ሩቅ አለመሆኑን ያሳየን እሑድ ነው። ከተጫዋቾቹ የአንዱ ቤተሰብ ምሳ ጋበዘን። ልጆቹ በማሳ ዳር በወጥመድ የያዟቸው ሁለት ጅግሮች ተሠርተው ነበር። የጅግራ ሥጋ ስብ ስለሌለውና ጠንካራ ስለሆነ፥ ቢቸኩሉበት ይደርቃል። የቤቱ እመቤት ሽንኩርቱን ያለ ውሃ አብስለው፥ ቅቤና በርበሬ ጨምረው፥ ሥጋውን በለስላሳ እሳት ከረፋድ እስከ ቀትር አቆዩት፤ ከቆጮ ጋርም አቀረቡልን። ከመካከላችን አንዱ ማን እንደ ባረከው ጠይቆ ከተረዳ በኋላ በላ። ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ ማደንን ሕግ እንደሚከለክል ግን ሁላችንም እያወቅን ማንም አልጠየቀም፤ ወጡ ጣፋጭ ነበርና።

ጭኑና ደረቱ ለእኛ ደረሰ። ያደኑት ልጆች በበሩ አጠገብ ቆመው ጠበቁ። እነሱም ይቅረቡ ብንል፥ እመቤቲቱ «እንግዳ ሳይጠግብ ልጅ አይቀድምም፤ ብሉ እንጂ ልጆቼ» አሉን፤ እኛም ሁለተኛ ሳንለምን በላን። ለልጆቹ የተረፈው አንገትና ክንፍ ነው። በመጨረሻ እጃችንን ያስታጠበን ቀበሮውን የተጫወተው ልጅ ነበር። ማሰሮውን ይዞ ጐንበስ ሲል፥ ቅዳሜ ያደነቅነውን አቋም በዚያው መጠን ደገመው። አማርኛ የምንናገረው እኛ ነበርን። ያን ጊዜ አልሣቅንም።

ይህን የምንጽፈው የቤቱን ደግነት ለመንቀፍ አይደለም፤ እንግዳ ማክበር መልካም ልማድ ነው። ነገር ግን ልጆቹ በመድረክ ያሳዩት ነገር ከደራሲው ማብራሪያ ይልቅ እውነት እንደነበረ መመስከር ይገባናል። ስለዚህ ለአዘጋጁ የምናቀርበው አሳብ አንድ ነው፤ ተራኪው ይቅር። አንበሳው ድስቱን ታቅፎ ዝም ብሎ ተመልካቹን ይመልከት፤ ከዚያ ሁሉም ወደ ምሳው ይሂድ። በፊት ረድፍ የተቀመጥን እንግዶችም ጭኑ ሲቀርብልን፥ ድርሻው የማን እንደ ነበረ እናስታውሳለን።