«ዘርን በብረት ማከም» ስለሚለው አተረጓጐም

የብረታ ብረት ናኖ ቅንጣቶችን በያዘ ውሃ ዘርን ከመዝራት በፊት ነክሮ ማዘጋጀት «ዘርን በብረት ማከም» ተብሎ ቢተረጐም ሁለት ስሕተት ይፈጸማል። አንደኛ፣ በሳይንስ አነጋገር «ብረት» የአንድ ንጥረ ነገር ስም ስለ ሆነ ዚንክንና ብርን አያጠቃልልም። ሁለተኛ፣ የሚታከም የታመመ ነው፤ ይህ ዘር ግን ጤነኛ ነው። ገበሬውም በፀረ ተባይ መድኃኒት የታሸ ዘር ሊመስለው ይችላል።

ብቅል የምታበቅል ሴት «ገብሱን ዘፈዘፍሁት» ትላለች። እርሷ እስኪጐነቍል ትጠብቃለች፤ በዚህ ዘዴ ግን ዘሩ ውሃ ጠጥቶ፣ ሥር ሳያወጣ ይደርቃል። ልዩነቱን ፍቺው ሊገልጸው ይገባል እንጂ ግሱን አያስጥልም። «ናኖ»ም የሜትርን አንድ ቢሊዮንኛ እጅ ስለሚያመለክት «ደቃቅ» አይተካውም፤ ቅንጣቱ በተለምዶ ከ1 እስከ 100 ናኖሜትር ነውና። ስለዚህ «ዘርን በናኖ ቅንጣት መዘፍዘፍ» የሚለውን እንመርጣለን።