ያለፈ ነጥብ ተመልሶ አይጠራም

ጥያቄው ሲሰሙት ቀላል ነው፦ በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ ያሉትን የመንገድ ድልድዮች ከነመገኛቸው ማውጣት። ዳታው በ2004 (እ.ኤ.አ.) የተጀመረው ነፃው ካርታ፣ ኦፕንስትሪትማፕ ነው። ፋይሉ የተጻፈው በኤክስኤምኤል ነው። እንዳለ ሜሞሪ ላይ ጭኖ ኤክስፓዝ በተባለው የመጠየቂያ ቋንቋ መጠየቅ ይቻል ነበር፤ ግን ኤክስኤምኤል ወደ ዛፍ ሲቀየር ራም ላይ የሚይዘው ቦታ ዲስክ ላይ ካለው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። የአገር ሙሉ ዳታ ሲሆን ተራ ላፕቶፕ አይችለውም። ስለዚህ ፋይሉ እየተነበበ መልሱ አብሮ መውጣት አለበት። ፋይሉን የሚያነበው ፓርሰር የሚነግረን «ይሄ ተከፈተ፣ ያ ተዘጋ» እያለ ነው፤ እኛም ቱሉ ዲምቱ የፈጣን መንገዱ ክፍያ በር ላይ እንደቆመ ሠራተኛ ነን፣ ያለፈውን መኪና ተመለስ ማለት አንችልም።

ጀማሪ የሚፈራው የመጠይቁን መንገድ መከተሉን ነው። እሱ እንኳ ቀላሉ ነው። የተከፈተውን ስም ቁልል ላይ ማስቀመጥ፣ ሲዘጋ ማንሳት፤ ቁልሉ ከመንገዱ ጋር ሲገጥም ደርሰናል። መጠይቆችን ወደ አውቶማታ የመቀየሩን ዘዴ ኤክስፊልተር የተባለው ሥራ በ2000 (እ.ኤ.አ.) አሳይቶናል።

የሚያስቸግረው በመጠይቁ ቅንፍ ውስጥ የሚገባው ሁኔታ ነው። በካርታው ፋይል መንገድ «ዌይ» ይባላል። ውስጡ መጀመሪያ የሚመጡት የሚያልፍባቸው ነጥቦች መለያ ቁጥሮች ናቸው፤ «ድልድይ ነው» የሚለው ታግ የሚከተለው ከእነሱ በኋላ ነው። ድልድይ መሆኑን ስናውቅ የምንፈልጋቸው ቁጥሮች አልፈዋል። ስለዚህ ይፈለጉ አይፈለጉ ሳናውቅ እንይዛቸዋለን፤ ዌዩ ሲዘጋ ወይ እናወጣቸዋለን ወይ እንጥላቸዋለን። ደግነቱ አንድ ዌይ ከ2000 ነጥብ በላይ እንዳይኖረው ተወስኗል፤ ቁጥሩ በ8 ባይት ቢያዝ ከ16 ኪሎባይት አይበልጥም። ገደቡ ከታወቀ መያዝ አያስፈራም።

ከዚህ የሚከፋው የሌለን ነገር መጠየቅ ነው። ስም የሌላቸውን መንገዶች አምጣ ቢባል (በአቃቂ ሰፈሮች ውስጥ ለውስጥ ብዙ ናቸው) የስም ታግ እስኪመጣ መጠበቅ ዋጋ የለውም። ያለ ነገር በታየበት ቅጽበት ይረጋገጣል፤ የሌለ ነገር ግን መዝጊያው ካልመጣ አይረጋገጥም።

መገኛው ላይ ደግሞ ቅደም ተከተሉ ራሱ ይቃወመናል። በተለመደው ፋይል ኬክሮስና ኬንትሮስ የያዙት ነጥቦች በሙሉ ይቀድማሉ፣ ዌዮች ይከተላሉ፣ ወሰን የሚገለጽባቸው «ሬሌሽኖች» መጨረሻ ይመጣሉ። ጥያቄያችን የሚጀምረው «በአቃቂ ቃሊቲ» ብሎ ነው፤ አቃቂ ቃሊቲ የት እንደሆነ ግን ፋይሉ የሚነግረን ሊያልቅ ሲል ነው። ሦስቴ ማንበብ ይቻላል፣ ነውርም የለውም። ዳታው ከኔትወርክ በቀጥታ እየመጣ ከሆነ ግን ሁለተኛ ንባብ የለም።

እኔ የምመርጠው ጥያቄውን በፋይሉ ቅደም ተከተል መልሶ ማቀናበር ነው። ክፍለ ከተማውን አስፍቶ የሚከብ አራት ማዕዘን አስቀድሜ እሰጠዋለሁ፤ ነጥቦች ሲያልፉ ውስጡ ያረፉት ብቻ ይያዛሉ። ዌዮች ሲመጡ ድልድይ የሆነውና ነጥቦቹ የተያዙለት ይወጣል። ከቦሌና ከንፋስ ስልክ ላፍቶ በኩል ትርፍ ይገባል፤ ጥቂት ስለሆነ በኋላ ማጥራት ቀላል ነው። ፈጣን መንገዱ ላይ ግን ሁለቱ አቅጣጫዎች ለየብቻ ስለሚሳሉ አንዱ ቦታ ሁለት ድልድይ ሆኖ ይቆጠራል፤ ይሄ የፓርሰር ሳይሆን የካርታ ጉዳይ ነው፣ መታወቁ ግን አይከፋም።

ይህ ሁሉ የቆመው ነጥብ ከዌይ ይቀድማል በሚል ልማድ ላይ ነው። ኤክስኤምኤል ራሱ እንዲህ ያለ ዋስትና አይሰጥም፤ ኦቨርፓስ ከተባለው አገልግሎት በተለመደው አጠያየቅ የሚወርድ ፋይል ዌዮቹን አስቀድሞ ነጥቦቹን ሊያስከትል ይችላል። ያኔ ፕሮግራሙ ያለ አንዳች ስህተት ምልክት ባዶ መልስ ይሰጣል፣ ሰውም አካባቢው ድልድይ የለውም ብሎ ይሄዳል። ስለዚህ ዌይ ከተከፈተ በኋላ ነጥብ ከመጣ ፕሮግራሙ ቆሞ እንዲጮህ አንድ መስመር እጨምራለሁ።