በሻይ ማንኪያ የሚለካ ሥራ

በአንድ ጤነኛ አዋቂ ደም ውስጥ በባዶ ሆድ የሚዘዋወረው ስኳር ሁሉ ተሰብስቦ ቢመዘን ከ5 ግራም ብዙም አይዘልም። አንዲት የሻይ ማንኪያ ማለት ነው። አንጎል ብቻውን በቀን 120 ግራም ያህል ይፈጃል፤ የራሱ ስንቅ ደግሞ የለውም ማለት ይቻላል። እንግዲህ ያቺ ማንኪያ ስትጎድልና ስትሞላ ትውላለች፣ ልኳ ግን እምብዛም አይዛነፍም።

ምስጋናውን ሁሉ ለቆሽት መስጠት ለምዶብናል። ይገባዋል፤ ስኳርን የሚቆጣጠሩት ሆርሞኖች፣ ኢንሱሊንና ግሉካጎን፣ የሚወጡት ከእሱ ነው። ሆኖም ፈረንሳዊው ክሎድ ቤርናር እ.ኤ.አ. በ1849 የአንዲት ጥንቸል አንጎል ግንድ ላይ፣ አራተኛው ክፍተት የሚባለውን ቦታ ወለል በቀጭን መርፌ ቢወጋ፣ ብዙም ሳይቆይ ሽንቷ ውስጥ ስኳር ተገኘ። ቆሽቷን የነካው የለም። ጉበት ያከማቸውን እንዲለቅ ትእዛዙ በነርቭ ወርዶ ነበር።

የእጅ ሥራው ውበት ግን ከዚያ ከፍ ብሎ፣ ከፒቱታሪ እጢ በላይ፣ ሃይፖታላመስ የሚባለው የአንጎል ክፍል ግርጌ ላይ ነው። የአንጎል ደም ሥሮች ግድግዳ ጥብቅ ነው፤ ደም የያዘው ሁሉ እንዳሻው አያልፍበትም። እዚህች ቦታ ላይ ግን፣ ልብስ ሰፊ አውቆ እንደሚተወው ክፍት፣ ስፌቱ ላልቷል። ደሙ እዚህ ይቀመሳል። የገባውም ወደ ሌላው የአንጎል ክፍል እንዳይዛመት፣ ከክፍተቱ በስተጀርባ ሌሎች ህዋሶች ተጠባብቀው ቆመዋል። ማላላቱን ማንም ያላላል፤ ያላሉትን ከኋላ መልሶ መቋጨት ነው ጥበቡ።

ቀማሾቹ ነርቮች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ግሉኮስ ሲገባለት ያቃጥለዋል፤ ከቃጠሎው የተገኘው ኃይል የፖታሲየም መውጫ በሩን ይዘጋዋል፣ ነርቩም ይነቃል። ይኸው በር ኢንሱሊን አመንጪ በሆኑት የቆሽት ህዋሶች ላይም አለ። ሁለተኛው ዓይነት በተቃራኒው ስኳር ሲወርድ ይነቃል። አንዱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ዝምታው ደህንነት ይሁን ሞት በምን ይታወቅ ነበር?

አንጎል ጉድለትንም ሆነ ትርፍን ቁጭ ብሎ አይጠብቅም። ምግብ ገና አፍ ውስጥ ሳለ፣ ስኳሩ ደም ሳይደርስ፣ በቬገስ ነርቭ በኩል ቆሽትን ጥቂት ኢንሱሊን ያስለቅቃል። ስኳሩ ወደ 70 ሚሊግራም በዴሲሊትር ሲያሽቆለቁል ደግሞ ከኩላሊት በላይ ያለችውን እጢ በነርቭ ይቀሰቅሳል፤ አድሬናሊን ይፈስሳል፣ ጉበት ማከማቻውን ይከፍታል። ላቡና የእጅ መንቀጥቀጡ የዚሁ ቅስቀሳ ነው።

ሥራው እንከን የለሽ አይደለም። ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ስኳሩ ደጋግሞ ከወረደበት አንጎሉ ዝቅታውን ይለምደዋል፤ ላብ የለ፣ መንቀጥቀጥ የለ፣ በድንገት ራሱን ይስታል። ለጥቂት ሳምንታት ስኳሩ እንዳይወርድ በጥንቃቄ ከተያዘ ግን ብዙዎች ላይ ማስጠንቀቂያው ይመለሳል።