አንባቢው የትኛውን ያውቃል?

ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ የተመለሰ ጽሑፍ ሳርም እጄ ደጋግሞ የሚያርፈው «ኤ»፣ «አን» እና «ዘ» ላይ ነው። ብዙ ሰው እነዚህን አርቲክሎች እንደ ጌጥ ያያቸዋል፤ ኖሩም አልኖሩም መልእክቱ የሚደርስ ይመስለዋል። የአርቲክል ምርጫ ግን የሰዋስው ሕግ ከመሆኑ በፊት ለአንባቢ ማሰብ ነው። ጸሐፊው አንድን ነገር ሲጠራ አንባቢው «የትኛው?» ብሎ ይጠይቃል ወይስ «አዎ፣ አወቅሁት» ይላል? ለዚህ መልስ ያለው ሰው ግማሹን መንገድ ጨርሷል።

በዚህ ረገድ አማርኛ ተናጋሪ ባዶ እጁን አይደለም። «ጤና ጣቢያ ተሠራልን። ጤና ጣቢያው ግን አምቡላንስ የለውም» እንበል። የመጀመሪያው «ጤና ጣቢያ» ለአንባቢው እንግዳ ነው፤ ሁለተኛው «ው» የጨመረው አሁን ስለተዋወቁ ነው። እንግሊዝኛውም መጀመሪያ «ኤ ሄልዝ ሴንተር»፣ ቀጥሎ «ዘ ሄልዝ ሴንተር» ይላል። አምቡላንሱ ገና ያልታወቀ ስለሆነ «አን» ይቀድመዋል። ልዩነቱ የመጀመሪያው ላይ ነው። አማርኛ እንግዳውን ስም ያለ ምንም ምልክት ያስገባዋል፤ በእንግሊዝኛ ግን የሚቆጠር ነጠላ ስም በተለመደው ዐረፍተ ነገር ውስጥ ብቻውን አይቆምም። ሁለተኛው ላይ «ኤ» ከተደገመ ደግሞ ጥፋቱ ይብሳል። አንባቢው ሌላ ጤና ጣቢያ የመጣ ይመስለዋል፤ አንዱ ሕንፃ በሪፖርቱ ላይ ሁለት ይሆናል።

የእኛው ምልክት ራሱ ጥንቃቄ የሚሻበት ቦታም አለ። «ገበሬው በሬውን ሸጠ» ሲባል የሸጠው የራሱን በሬ ነው ወይስ ቀደም ሲል የተወራለትን በሬ? አማርኛው ሁለቱንም ይይዛል። እንግሊዝኛው ግን «ሂዝ ኦክስ» ወይም «ዘ ኦክስ» ብለን እንድንቆርጥ ያስገድደናል፤ ቦታው አንድ ስለሆነ «ዘ ሂዝ» ማለትም አይቻልም። መልሱን የሰዋስው መጽሐፍ አይሰጥም። ጥቂት መስመር ወደ ላይ ተመልሼ አነባለሁ፤ እዚያም ካጣሁት ጸሐፊውን እጠይቃለሁ።

ከሁሉም በላይ የምፈራት ግን «ጥቂት» የምትለዋን ቃል ነው። «ጥቂት ገበሬዎች ምርጥ ዘር አገኙ» የሚለውን «ኤ ፊው ፋርመርስ» ብለን ከተረጎምነው አንዳንዶች ማግኘታቸውን እንናገራለን። «ኤ» ወድቃ «ፊው ፋርመርስ» ብቻ ስትቀር ግን ያገኘ የለም ለማለት ምንም አልቀረንም፤ ዜናው አቤቱታ ሆነ። የጸሐፊው ሐሳብ ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ሳያጣራ የሚተረጉም ሰው የሌላውን ምስክርነት ይለውጣል።

የአንዲት «ዘ» ክብደት ምን ያህል እንደሆነ ለሚጠራጠር የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት ውሳኔ 242 በቂ ማስረጃ ነው። እስራኤል ከአረብ አገሮች ጋር ካደረገችው የስድስቱ ቀን ጦርነት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ኅዳር 22 ቀን 1967፣ በወቅቱ የምክር ቤቱ አባል የነበረችውን ኢትዮጵያን ጨምሮ 15ቱም አባላት ደግፈው አጽድቀውታል። የእንግሊዝኛው ቅጂ የእስራኤል ጦር በጦርነቱ ከተያዙ ግዛቶች እንዲወጣ ሲጠይቅ፣ «ግዛቶች» ከሚለው ቃል በፊት «ዘ» አልገባም። እስራኤል ይህን ይዛ ውሳኔው ከሁሉም ግዛቶች ውጡ አይልም ስትል፣ አረቦቹ ደግሞ የታወቁትን ግዛቶች በሙሉ እንደሚያመለክት የሚነበበውን የፈረንሳይኛ ቅጂ ጠቀሱ። ረቂቁን ያቀረቡት የብሪታኒያው አምባሳደር ሎርድ ካራዶን «ዘ» የቀረው ሆን ተብሎ እንደሆነ በኋላ ተናግረዋል። ክርክሩ ዛሬም አልተዘጋም።

ሁሉም ነገር ግን «የትኛው?» በሚለው ጥያቄ አይፈታም፤ የሚለመድም አለ። «አንድ መረጃ»፣ «አንድ ምክር» ማለት ስለለመድን «አን ኢንፎርሜሽን»፣ «አን አድቫይስ» ብለን እንጽፋለን፤ እንግሊዝኛ ግን እነዚህን እንደ ውኃ የማይቆጠሩ ያደርጋቸዋል። ወንዝ «ዘ አዋሽ» ሲባል ሐይቅ «ሌክ ጣና» ተብሎ ያለ አርቲክል ይሄዳል። በ«ኤ» እና በ«አን» መካከል የሚወስነው ደግሞ የሚሰማው ድምፅ ነው፦ «አን ኤንጂኦ»፣ ነገር ግን «ኤ ዩኤን ኤጀንሲ»። እነዚህን መዝገበ ቃላት ያስተምራል፤ ብዙ ማንበብ ደግሞ ያሰርጻቸዋል።

አብረውኝ ለሚሠሩ ወጣቶች የምመክረው አርቲክሎቹን ከሌላው እርማት ለይተው ለብቻቸው እንዲያነቡ ነው። በእያንዳንዱ ስም ላይ ቆም ብለው በቅደም ተከተል ይጠይቁ፦ ስሙ እዚህ ቦታ ላይ ይቆጠራል? ከተቆጠረስ አንድ ነው ወይስ ብዙ? አንባቢው የትኛው እንደሆነ ያውቃል? ካወቀስ ከምን አወቀ፤ ቀደም ብለን ነግረነው፣ ዐረፍተ ነገሩ ራሱ ለይቶለት ወይስ በዓለም ላይ እንደ ፀሐይ አንድ ብቻ ስለሆነ? ሥራው አሰልቺ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ከጎናችን ተቀምጦ «የትኛውን ማለትህ ነው?» ብሎ ሊጠይቀን የማይችለው አንባቢ፣ ጥያቄውን አስቀድመን እንድንጠይቅለት ይገባዋል።