ተሸናፊው ምን ብሎ ነበር? የአመራር ሽኩቻ በሥነ ጽሑፋችን

ስለ ሥልጣን ሽኩቻ የሚጻፍ ድርሰት ሁሉ አንድ ፈተና ይጠብቀዋል፤ ይኸውም አሸናፊው ከታወቀ በኋላ የሚጻፍ መሆኑ ነው። መጨረሻውን አስቀድሞ የሚያውቅ ደራሲ ተሸናፊውን ከመጀመሪያው ገጽ አንሥቶ እንደ ተሸናፊ ይስለዋል። አንባቢም ሁለት ሐሳቦች ሲፋለሙ ሳይሆን አንድ ፍርድ ሲነበብ ይሰማል። የሀገራችን ሥነ ጽሑፍ ይህን ፈተና እንዴት እንደተወጣው ለመመርመር ከላስታ መነሣት ይበጃል፤ ወንድም ከወንድሙ፣ አጎት ከወንድሙ ልጅ ጋር ስለ ዙፋን የተፋጠጠበት ትረካ ከውቅር አብያተ ክርስቲያናቱ ጋር ተያይዞ የሚነገረው በዚያ ነውና።

ገድለ ላሊበላ እንደሚተርከው ንጉሥ ሐርቤ ታናሽ ወንድሙ እንዳይነግሥበት ሠጋ፤ ላሊበላም መርዝ ቢጠጣ ተረፈ፤ ከዚያም ተሰደደ። በመጨረሻ ሐርቤ በአምላክ ትእዛዝ ራሱ ወጥቶ ተቀበለው፤ ዙፋኑንም አስረከበው። የታሪክ ሊቁ ታደሰ ታምራት ከዚህ የእርቅ ትረካ ጀርባ የጦር ኃይል መኖሩን ጠርጥረዋል። ጥርጣሬው ተገቢ ነው፤ ገድሉ የተጻፈው ለአሸናፊው ክብር ነው። ሐርቤ ይጸጸታል እንጂ አይከራከርም።

ሆኖም የላስታ ትውፊት በዚህ ብቻ አልተወሰነም። ላሊበላ በንግሥት መስቀል ክብራ ምክር ዙፋኑን ለወንድሙ ልጅ ለነአኵቶ ለአብ እንደለቀቀ፣ ከአሥራ ስምንት ወር በኋላ ግን የአዲሱ ንጉሥ ሎሌዎች የአንድ ድኻ ገበሬ ብቸኛ ላም ለንጉሡ ማእድ ስለ ነጠቁ ተመልሶ መንገሡን ይናገራል። ይህም ቢሆን በአሸናፊው ወገን የተቀመረ ምክንያት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ሁለት ነገሮች ልብ ይባሉ። አንደኛ፣ ተሸናፊው ስሙን አላጣም፤ ነአኵቶ ለአብ ዛሬም በላሊበላ አቅራቢያ በዋሻ ውስጥ በቆመው ቤተ ክርስቲያን ስሙ ይጠራል። ሁለተኛ፣ ሥልጣን ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ገበሬውና ላሙ በትረካው መካከል ቆመዋል። የነገሥታት ጉዳይ በድኻው ጓዳ ሚዛን ተመዝኗል።

ከዚህ ወደ ፓርቲዎች ዘመን ስንሻገር ዙፋኑ በማዕከላዊ ኮሚቴ ይተካል። በ1964 የተመሠረተው ኢሕአፓ ዋና ጸሐፊነቱ ከብርሃነ መስቀል ረዳ ወደ ተስፋዬ ደበሳይ ተላለፈ። ቆየት ብሎም ብርሃነ መስቀልና ጌታቸው ማሩ በከተማ የሚካሄደውን የትጥቅ እርምጃ በመቃወማቸው ከአመራሩ ጋር ተለያዩ። የተሰጣቸው መልስ አንድ ቃል ነበር፦ አንጃ። በ1969 ተስፋዬ ደበሳይ በአዲስ አበባው አሰሳ ሕይወቱ አለፈ፤ በዚያው ዓመት ጌታቸው ማሩ በገዛ ፓርቲው እጅ ታግቶ ሳለ ተገደለ፤ ብርሃነ መስቀልም በ1971 በደርግ ተገደለ። ከሦስቱ አንዱም እስከ 1972 በሕይወት አልቆየም።

ስለዚህ ዘመን ከተጻፉት መካከል ሁለት ሥራዎች ጎን ለጎን ሊነበቡ ይገባል። የፓርቲው አመራር አባል የነበሩት ክፍሉ ታደሰ ያዘጋጁት «ያ ትውልድ» የድርጅቱን መዋቅርና የውሳኔዎቹን ሂደት ያስተምራል፤ ጥንካሬው ከሰነድና ከውስጥ ዕውቀት ይመነጫል። ሕይወት ተፈራ መጀመሪያ በእንግሊዝኛ በ2004 ያሳተሙት፣ በአማርኛ «ማማ በሰማይ» የተባለው ትዝታ ደግሞ ጌታቸው ማሩን በፍቅር ዓይን ሰው አድርጎ ይመልሰዋል። በመጀመሪያው ውስጥ ውሳኔው ይታያል፤ በሁለተኛው ሐዘኑ። ሁለቱን ያነበበ ሰው የሚናፍቀው ሦስተኛ ሥራ ተውኔት ነው፤ ውሳኔው ከመጽደቁ በፊት፣ ሐዘኑም ከመድረሱ በፊት፣ ሁለቱ ወገኖች በአንድ ክፍል ተቀምጠው የሚከራከሩበት።

ይህ ክፍል ለምን ተዘግቶ ቀረ? አንዱ ምክንያት የድርጅት ሕግ ነው። በዴሞክራሲያዊ ማዕከላዊነት ጥቂቱ ለብዙኃኑ፣ የበታቹ አካል ለበላዩ ይገዛል፤ የክርክሩ ድምፅም ከኮሚቴው በር አይወጣም። የሞስኮ አሸናፊዎች ትሮትስኪን ከፎቶግራፍ ሳይቀር የፋቁት በዚሁ ልማድ ነው። የተውኔት ሕግ ግን ተቃራኒ ነው። ሼክስፒር በ«ጁሊየስ ቄሣር» ገዳዩ ብሩተስ ምክንያቱን ለሕዝብ እንዲያስረዳ ከአንቶኒ በፊት መድረኩን ይሰጠዋል። ተመልካቹ ብሩተስን ስላዳመጠ ነፍሰ ገዳይነቱን አይረሳም፤ ጥፋቱ ከየት እንደመጣ ግን ይረዳል። አንጃ የሚለው ቃል በአንጻሩ የገጸ ባሕርይውን አንደበት ገና ሳይከፈት ይዘጋዋል።

ጉዳዩ ያለፈ ታሪክ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። ከኢሕአፓ ሠራዊት በተለዩ ታጋዮች በኅዳር 1973 ከላስታ ጎረቤት በዋግ የተመሠረተው ኢሕዴን በ1986 ብአዴን፣ በ2011 አዴፓ ተባለ፤ በ2012 በብልጽግና ፓርቲ ውስጥ ከሰመ። ስሙ በአዴፓነት ሳለ፣ ሰኔ 15 ቀን 2011 በባሕር ዳር የክልሉ ርዕሰ መስተዳድር አምባቸው መኰንንና ባልደረቦቻቸው ተገደሉ። ድርጊቱን መርተዋል ተብለው በመንግሥት የተወነጀሉት የክልሉ የጸጥታ ኃላፊ ብርጋዴር ጄኔራል አሳምነው ጽጌም ከሁለት ቀን በኋላ ተገደሉ፤ አስከሬናቸው በላሊበላ ተቀበረ። አንድ ገዥ ፓርቲ በሚመራው አንድ የክልል መንግሥት ውስጥ ጎን ለጎን ይሠሩ የነበሩ ሰዎች ነበሩ።

በዚህ ላይ ብዕሩን የሚያነሣ ገጣሚ አንዱን አስከሬን መርጦ ሙሾ ማውረድ ይቀለዋል። ሙሾ የሐዘንተኛ መብት ነው፤ የሚነቀፍበት የለም። የተውኔት ደራሲ ግን ከሙሾ የከበደ ግዴታ አለበት። የሟቾቹን ሁሉ ቤተሰብ ከአዳራሹ ፊት ለፊት እንደተቀመጡ አስቦ መጻፍ ይኖርበታል። ይህ ማለት ገዳይና ተገዳይን ማስተካከል አይደለም፤ ፍርድን ከማስረጃውና ከክርክሩ በኋላ ማምጣት ነው።

እንግዲህ ስለ አመራር ሽኩቻ የሚቀርብ ድርሰት ሁሉ በሁለት ጥያቄ ቢመዘን መልካም ነው፦ ተሸናፊው ምን ብሎ ነበር? ገበሬውስ ምን ከፈለ? የመጀመሪያውን ገድሉም የፓርቲ ታሪክም በሙሉ አልመለሱትም። ሁለተኛውን የላስታ ትውፊት በአንዲት ላም ነክቶታል። ሥነ ጽሑፍን የሚያስተምር መምህር ሁለቱን ጥያቄዎች ይዞ ወደ ክፍል ቢገባ፣ ተማሪዎቹ አንድን ሰው አንጃ ብለው ከመፈረጃቸው በፊት ምን እንዳለ መጠየቅን ይለምዳሉ። ልማዱ ኋላ ኮሚቴ ውስጥ ሲቀመጡም ያስፈልጋቸዋል።