የጉጉቷ ሆድ እና የወለቃው አንበሳ

ፒካሶን በሥዕሉ እናውቀዋለን፤ ሸክላው ግን ለብቻው ሌላ ዓለም ነው። እ.ኤ.አ. በ1946 በደቡብ ፈረንሳይ፣ አንቲብ ውስጥ ሲሠራ የተጎዳች ጉጉት አግኝቶ አስታመመ። በዚያው ዓመት ቫሎሪስ በምትባለው የሸክላ ሠሪዎች ከተማ ማዱራ የተባለውን ወርክሾፕ ጎበኘ። ከ1947 እስከ 1971 ከዚያ ቤት ከ600 በላይ ዓይነት ዕቃ ወጣ፤ የአንዳንዱ ቅጂ 25፣ የአንዳንዱ ደግሞ 500 ነው። ከመካከላቸው ጉጉት የሚመስሉ ማሰሮዎች አሉ። ዛሬ አንዷ ለጨረታ ስትቀርብ በሺዎች ዶላር ትጠራለች።

ዋጋው ይቆየንና ቀልዱን እንይ። ጉጉቷ ሆዷ የማሰሮው ሆድ ነው፣ ጭንቅላቷ የማሰሮው አፍ። ፒካሶ የጨመረው ጥቂት ነገር ነው፦ ሁለት ክብ ዓይን፣ ጥቂት የላባ ጭረት። ዕቃው ዕቃነቱን ስላልተወ ነው የሚያስቀው። ውሃ የማይዝ ቢሆን ኖሮ ተራ ሐውልት በሆነ ነበር።

ይህ ቀልድ ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ አይደለም እኮ። የእንስራ አንገት፣ የገንቦ ጆሮ፣ የጋን ሆድ፣ የጀበና አፍ እንላለን። ቋንቋችን ዕቃውን ገና ድሮ ነፍስ ዘርቶበታል። ጀበናን እስቲ በጎን እዩት፤ ሆዱን ነፍቶ አንገቱን ያሰገገ ወፍ ነው፤ የቀረው ዓይን ብቻ ነው።

አሁን ወደ ደጃችን እንምጣ። ከጎንደር ወደ ዳባትና ደባርቅ የሚወጣው መንገድ ከተማውን እንደለቀቀ ወለቃን ያገኛል። መንገዱ ሰላም በሆነ ጊዜ ወደ ሰሜን ተራሮች የሚጓዝ ቱሪስት እዚህ ወርዶ በመዳፍ የሚያዝ የሸክላ አንበሳ ይገዛል። ይህን ሥራ ያስለመዱት የቤተ እስራኤል ሴቶች ናቸው። ያለ መሽከርከሪያ፣ በእጅ ብቻ እያበጁ፣ በሜዳ እሳት እየተኮሱ ለሰፈሩ ምጣድና ማሰሮ ይሠሩ ነበር። በሃያኛው ክፍለ ዘመን የውጭ እንግዳ ሲበዛ ትንንሽ ምስሎች ጨመሩ፦ አንበሳ፣ ወፍ፣ አንድ አልጋ ላይ የተኙ ሰሎሞንና ሳባ።

እንደ ዕቃ ካየነው፣ እውነቱን ለመናገር፣ አንበሳው ከጉጉቷ ያንሳል። ሆድ የለውም፤ ምንም አይዝም። ለመደርደሪያ ተሠርቶ መደርደሪያ ላይ ይቀራል። የወለቃ እጅ ምርጥ ሥራ ጭስ የጠጣው ድስት ነው፤ እሱን ግን ቱሪስት አይገዛም።

ያም ሆኖ አንበሳው ጉጉቷ የሌላት ክብደት አለው። በአካባቢው እምነት ሸክላ ሠሪ ቡዳ ነበረች፤ ቀን ጭቃ ታቦካለች፣ ሌሊት ጅብ ትሆናለች ይባል ነበር። አውሬ ናት የተባለች ሴት አውሬውን በጣቷ አበጅታ ስትሸጥ፣ ይህን ጨዋታ ብቻ ማለት ይከብዳል። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1991 የሰሎሞን ዘመቻ ከ14,000 በላይ ሰው በአንድ ቀን ተኩል ወደ እስራኤል ወሰደ። ሴቶቹ ሄዱ፤ ጭቃው ቀረ፤ ጎረቤቶቻቸው ሥራውን ቀጠሉበት።

ሁለቱን ገልብጣችሁ እዩ። ከጉጉቷ ሥር የፒካሶና የማዱራ ማኅተም አለ፤ ቅጂዋን በእጁ የሠራው የማዱራ ባለሙያ ግን ስሙ አልተጻፈም። ከአንበሳው ሥር ደግሞ ምንም የለም። ቫሎሪስም ወለቃም ጭቃውን የነካው እጅ ስም አጥቷል፤ ልዩነቱ አንደኛው ቤት የሚያበድረው ስም ማግኘቱ ነው። የጨረታው ዋጋ ባብዛኛው የዚያ ብድር ዋጋ ነው።

ስለዚህ ለወለቃ ፒካሶ አያስፈልጋትም። የሚያስፈልጋት ቀላል ነገር ነው፦ ጭቃው ሳይደርቅ ሥሩ ላይ በእንጨት ጫፍ የሚጫር የሠሪዋ ስም። ገዢ ከሆናችሁ ደግሞ ከመከራከራችሁ በፊት ማን እንደሠራችው ጠይቁ። ከአንበሳው ጎን ጀበና ካለ፣ ጀበናውን ውሰዱ።